ሁለት ድስት የዶሮ እግር

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ አስተርጓሚ ነበርሁ። ሌላም ስም ነበረኝ፤ ገበያ ላይ ሴቶቹ ፊታቸውን እያዞሩ የሚጠሩኝ፦ ባንዳ። ስድብ ነው ብላችሁ አትዘኑልኝ፣ ሥራዬ ነበር። አስመራ ከነጋዴ አጎቴ ዘንድ ሦስት ዓመት ኖሬ ጣሊያንኛ ለቅሜ መጥቼ፣ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት የምል የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ጫማም ነበረኝ። ያን ጊዜ ጫማ ያጠለቀ ሰው ባዶ እግሩን የሚሄደውን የሚያይበት የተለየ ዓይን ነበረው፤ እኔም የገዛ አገሬን ሰው በዚያ ዓይን ነበር የማየው። ባላገር ሲናገር ነገሩ ከመጀመሪያው ቃል ያልቅብኛል። የቀረውን አልሰማም። ጣሊያኖቹም ሰምተሃል ወይ ብለው አይጠይቁኝም ነበር።

በዚያ ክረምት ከአገራቸው አንድ ምሁር መጣ። ወታደሮቹ ዶቶሬ ይሉታል። የማርቆስ ሰው ግን ሳምንት ሳይሞላው ‘አባ እንጉዳይ’ ብሎ ሰየመው። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። በየጫካው ሰው ለሰው እየተታኮሰ፣ መንደር እየተቃጠለ፣ እሱ በጭቃ ላይ በጉልበቱ እየዳኸ የጅብ ጥላ ይለቅማል። እሱ ስም እስኪያወጣለት ድረስ ማንኛውም ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የእኛ አያቶች ለሺህ ዓመት ሲረግጡት የኖሩትን ሣር ‘አገኘሁት’ እያለ በደስታ ያጨበጭባል።

ከእንጉዳይ ሁሉ ነፍሱን የሰጠው ለአንድ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት እንደ ሌላው ጃንጥላ የለውም፤ ከመሬት አንድ ግንድ ሆኖ ይወጣና ወዲያው ጣት ጣት እያበቀለ ወደ ላይ ይበተናል። የእኛ ሰው የዶሮ እግር ይለዋል። ዶቶሬው ደግሞ ‘ባሕር ውስጥ እንዲህ ቅርንጫፍ ያለው ድንጋይ አለ፣ እሱን ይመስላል’ ይለኛል፣ ባሕር ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ።

“ስሙ ክላቫሪያ ነው” ይላል ጣቱን ቀስሮ። “ቅርንጫፍ ያለው ሁሉ ክላቫሪያ ነው። አንድ ወገን።”

ወገኑን እንደገና በቀለም ይከፋፍለዋል፤ ቢጫው፣ ሮዛው፣ ነጩ። ታዲያ እሳት ዳር ሲያደርቀው ሁሉም ቀለሙን ይጥልና ገለባ ይመስላል። በማግሥቱ ሣጥኑን ከፍቶ የትናንቱን ቢጫ ከትናንቱ ሮዛ መለየት ሲያቅተው፣ ይናደድና ሁለቱን በአንድ ስም ይጽፋቸዋል። እኔ መብራት ይዤለት ‘ሲ፣ ዶቶሬ’ እያልሁ አዎ አዎ እለዋለሁ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው እውነት ከሆነ፣ የሁለታችንም ጭንቅላት ያን ጊዜ ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ አንድ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዙሪያው ጥድና ወይራ የሸፈነው ጨለማ ጫካ ነው። እዚያ ቅጥር ውስጥ በአንዲት ጎጆ እማሆይ አመተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ይኖሩ ነበር። ጾም በገባ ቁጥር እንጉዳይ ለቅመው ነው የሚውሉት፤ ለምእመናኑም ሆዱን ለቆረጠው፣ ራሱን ላመመው ሥር ቅጠል ይሰጣሉ። ዶቶሬው ይህን ሰምቶ ከሦስት ቀን በፊት በእኔ አፍ ‘በጫካው ያለውን የዶሮ እግር ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሪ ልቀሚልኝ’ ብሏቸው ነበር። እሱ ‘አንቺ’ ሲል እኔም ሳላርም ‘አንቺ’ ብዬ ነው ያስተላለፍሁት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሄድን። አገሩ ስለማይታመን የማርቆስ ጦር አዛዥ፣ አለቃዬ ካፒቴኑ ራሱ፣ አስካሪ ከሚሏቸው ጥቁር ወታደሮቻቸው አሥሩን አስከትሎ አብሮን መጣ። ካፒቴኑ ሆዱን የሚወድ፣ ቀይ፣ ወፍራም ሰው ነበር። ለእንጉዳይ ሳይሆን ከቢሮ ለመውጣት ነው የመጣው። ዝናቡ ደግሞ እንደ ወንፊት ያወርደዋል፤ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ጭልቅ ጭልቅ ይላል፣ ጠዋት ምንም አልቀመስሁም።

እማሆይ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በሰፌድ ሙሉ የዶሮ እግር ይዘዋል። በሰፌዱ ጠርዝ ላይ ደግሞ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሌላ አለ። ዶቶሬው ሰፌዱን እንዳየ ትንፋሹ ቆመ። ቅጠሉን ፈታው፣ አንዱን አነሣ፣ ከሰፌዱ አንዱን አነሣ፣ ሁለቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አያቸው። ሁለቱም ፈዘዝ ያለ ሮዛ፣ ጫፋቸው ቢጫ።

“አንድ ናቸው” አለና የቅጠሉን ሰፌዱ ላይ ገለበጠው። በእጁም ደባለቀው።

“ይበላል?” አለ ካፒቴኑ።

“በአገሬ እናቴ በቅቤ ትጠብሰዋለች። ይህ ወገን መርዝ የለውም።”

ካፒቴኑ ፈገግ አለ። ሁለት ዓመት እኛ ዘንድ ስለኖረ አንድ ልማዳችንን ያውቃል፤ የሚበላ የሚጠጣ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፣ መርዝ እንደሌለው እንዲታወቅ። “ትቅመስ በላት” አለኝ በቀልድ።

ነገርኋቸው። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ጾም ነኝ። ቅዳሴ ሳይወጣ አፌ ምንም አይገባም።”

ካፒቴኑ ሳቀና ሰፌዱን ለአስካሪ አስያዘ። ያን ጊዜ እማሆይ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝ። ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ አንገቴ ላይ ይወርዳል።

“ልጄ፣ ስማኝማ። አምና አንድ ዲያቆን ነበረ፣ የእነ አለቃ የእኅት ልጅ፣ ደህና ልጅ፣ ያ ልጅ በዚሁ ጾም ከዚያ ከጥዱ ሥር ለቅሞ …” ብለው ጀመሩ። የዲያቆኑን እናት አነሱ። የአባቱን አገር አነሱ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ፦ “… በቅጠል የጠቀለልኋት አትበላም በለው። ለማየት ነው እንጂ ለሆድ አይደለችም። መልካቸው አንድ ነው፣ ዘራቸው ለየብቻ ነው። ስትቆነጥጣት ትቆስላለች፣ ጥቁር ትላለች። በምላስ ጫፍ ብትነካት ትመራለች። ያችኛዋ ግን አትቆስልም። ቀላቀለብኝ እኮ፣ እንዲለየው ንገረው።”

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ዛሬ ውሸቴን ነው። ቃሉ ጆሮዬ ገብቷል፤ ከአሮጊት ወሬ ቆጥሬ እዚያው ጣልሁት እንጂ።

“ምን አለች?” አለ ካፒቴኑ በቅሎው ላይ ሆኖ።

“እግዜር ይስጥልኝ አለች” አልሁት።

ያን ዕለት ማታ ካፒቴኑና ሁለት መኮንኖች የዶሮ እግሩን በቅቤ አስጠብሰው በሉ። ዶቶሬው ‘ሆዴ ደካማ ነው’ ብሎ ሾርባ ጠጣ። እኔም ቤቴ ገብቼ ምሳዬንና ራቴን በአንድ ላይ በልቼ ተኛሁ።

ጠዋት ቢሮ ስደርስ ግቢው ተተራምሷል። ሦስቱም ሰዎች ሌሊቱን ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድረዋል። አንደኛው መኮንን ተነሥቶ መቆም አቅቶታል። ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ያ ቀይ ፊት አመድ መስሏል። እማሆይ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው በገመድ ታስሮ። ሁለት አስካሪ ከጎናቸው ቆሟል።

“ይህን እንጉዳይ አንቺ ነሽ የሰጠሽው?” አለ ካፒቴኑ። ተረጎምሁ።

“አዎ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት።”

“ቅመሺ ስትባይ እምቢ አላልሽም?”

“ብያለሁ።”

“ለምን?”

“ጾም ነበርሁ።”

ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ። እሱ የሚያውቃት አንዷ ልማዳችን ያልቀመሰ ሰጪ መርዘኛ ነው ትላለች። መነኩሲት በፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት ውሃ እንኳ እንደማትቀምስ የምትናገረውን ሌላዋን ልማዳችንን አያውቃትም። እኔ አውቃታለሁ። እናቴ እንደዚያ ናት። ግን ማን ጠየቀኝ?

የገረመኝ የእማሆይ ነገር ነው። ‘ነግሬው ነበር፣ ይህን ልጅ ጠይቁት’ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። አንድ ጊዜ ዓይኔን አዩኝና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አርጅተዋል፣ ረስተውታል ብዬ ተጽናናሁ። እንዲህ ያለ መጽናናት ያኔ አይቸግረኝም ነበር።

ካፒቴኑ ወደ ዶቶሬው ዞረ። “አንተ ምን ትላለህ? ይህ ነገር በራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል?”

እዚህ ላይ ነው የዚያን ሰው ልክ ያየሁት። አንዲት አሮጊት ከፊቱ ታስራ ተቀምጣለች። ‘ምናልባት ሁለት ዓይነት ይሆናል፣ እኔ ነኝ የደባለቅሁት’ ቢል ነገሩ አለቀ። ዶቶሬው መነጽሩን ጠረገ።

“አይችልም። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ አንድ ዓይነት ነው። ስሙንም ጽፌዋለሁ፤ አዲስ ነው፣ በእርስዎ ስም ነው የሰየምሁት። ይህ ወገን መርዝ የለውም። ስለዚህ መርዙ ከሴትዮዋ እጅ ነው የገባው።”

ወገኑ አንድ ከሆነ እማሆይ ነፍሰ ገዳይ ናቸው። ሁለት ከሆነ ንጹሕ ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው። ያ ሰው ደግሞ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ከሚሰርዝ አንዲት መነኩሲት ብትሰቀል መረጠ።

“ነገ በገበያ ትሰቀላለች” አለ ካፒቴኑ። “ንገራት።”

አፌን ከፈትሁ። ቃሉ እምቢ አለኝ። ከዚያ በፊት ስንቱን ክፉ ቃል አስተላልፌአለሁ፤ ስንቱን ሰው ‘ቤትህ ይቃጠላል’ ብዬዋለሁ፣ እህል ሳይዘጋኝ። ይህን ግን መናገር አቃተኝ። ትናንት ዝናብ ላይ የጣልሁት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ሌላ አላሳልፍ አለኝ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፣ ልፋቴ ሁሉ ቃሉን ለመዋጥ ነበር።

“ምን ይዘጋሃል?” አለ ካፒቴኑ።

“ተናግረዋል” አልሁ በጣሊያንኛ። “በቅጠል ያለው አይበላም ብለዋል። ሁለት ዓይነት ነው፣ ይለየው ብለዋል። እኔ ነኝ ያልነገርኋችሁ።”

ተነሥቶ በጥፊ መታኝ። ወንበሩን ይዞ ነው የመታኝ፣ ጉልበት አልነበረውምና።

“ትናንት እግዜር ይስጥልኝ አለች አላልህም? አሁን ልታድናት ነው የምትዋሸው።”

“ውሸት ነው” አለ ዶቶሬውም ፈጥኖ። “ሁለት ዓይነት የለም።”

ካፒቴኑ ግን ተንኮለኛ ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም። መነኩሲት ሰቅሎ አገሩ ሁሉ ቢነሣበት ከሆድ ቁርጠት የባሰ እንደሚያመው ያውቃል። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፈረደ። አስካሪዎች እኔንና እማሆይን ጫካው ድረስ ይውሰዱን። እማሆይ ሁለቱንም ዓይነት ለይተው ያሳዩ፤ ለቃሚው አስካሪ ነው፣ እሳቸው በእጃቸው አይነኩም። የካፒቴኑ ወጥ ቤት በሁለት ድስት በጨው ብቻ ይቀቅለው። ከዚያ ይበላል።

“ምን አለ?” አሉኝ እማሆይ።

“ሁለቱን ለይተው ያሳዩ ነው የሚለው። የሚበላውን እርስዎ ይበሉት ይላል።”

“እበላለኋ። ቅዳሴ ሲወጣ።”

ጫካ ገባን። እማሆይ በታሰረ እጃቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ አሳዩ። ከመነጠሉ በፊት አስካሪው በጥፍሩ እንዲቆነጥጠው ያዝዙታል። አንዳንዱ እንደነበረ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ጥፍሩ ያረፈበት ቦታ ቀስ እያለ ቡናማ ይሆንና ይጠቁራል፣ እንደ ተመታ ሥጋ። አስካሪው ኤርትራዊ ነበር፤ “ኧረ ይህስ ሌላ ነው” አለኝ። ማንበብ የማይችል ወታደር በአንድ ቁንጥጫ ገባው።

ስንመለስ ሁለቱ ድስቶች ተቀቅለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሰዓቱ ግን ገና ነበር። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ተቀመጡ፤ ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ቅዳሴያችንን ይሳደባል።

“ልትሰቀል የምትችል ሴት ሰዓት ትመርጣለች?” ይለኛል።

ይህንንም አልተረጎምሁም። ያን ቀን ሳልተረጉም ከቀረሁት ሁሉ የማልጸጸትበት እሱ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የማርቆስ ደወል ተሰማ። እማሆይ አማተቡ፣ ገመዱ ተፈታላቸው፤ ከመጀመሪያው፣ ያልጠቆረው ከተቀቀለበት ድስት ቀስ ብለው፣ ጨው ያነሰው ወጥ እንደሚበላ ሰው ሆነው በሉ። ሳህኑን ጨረሱ።

“ሁለተኛውን አንተ ብላ” አለ ካፒቴኑ ዶቶሬውን። “አንድ ነው ብለሃል። እሷ በላች፣ አንተም ብላ።”

ዶቶሬው ድስቱን አየ። የዓመት ድካሙ፣ ስሙ፣ ወገኑ ሁሉ እዚያች ድስት ውስጥ ነበር። አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

“ሆዴ ደካማ ነው” አለ።

ካፒቴኑ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። መጠየቅም አላስፈለገውም። ድስቱን ሳብሁት። ጫፉ ምላሴን እንደነካ መረረኝ፤ እሬት የላስሁ መሰለኝ። በላሁት። የዶቶሬው ፍርሃት ገርሞኝ ሳለ ሳህኑ ባዶ ሆነ።

የሆነውን ሁሉ አልዘረዝርላችሁም። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ግድግዳ ሥር በአራት እግሬ ነበርሁ። እማሆይ ደህና ተቀምጠዋል። ካፒቴኑ መጥቶ ከላዬ ቆመና ትናንት የደረሰበትን በሰው ላይ ሲያይ ደስ ብሎት ሳቀ።

“መግረፍ አያስፈልግህም፣ ሆድህ ገርፎሃል” አለኝ። “ከነገ ጀምሮ አስተርጓሚዬ አይደለህም። ሴትዮዋ ትሂድ።”

ዶቶሬውም መጣ። ደብተሩን ይዞ ጎንበስ አለ። አዘነልኝ ብዬ ነበር። “ምሬት ነበረው? ስንት ሰዓት ላይ ጀመረህ?” አለኝ። የነገርሁትን ሁሉ ጻፈ። በመጨረሻ ምን ብሎ እንደዘጋው አየሁ፤ ‘ድስቱ መዳብ ስለነበረ ነው’ ብሎ ነው። ወገኑ አንድ እንደሆነ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የእርሻ መምህር እንደነገረኝ፣ የዓለም ሊቃውንት ያን አንድ ክላቫሪያ በየቦታው ከፋፍለውታል። ቢጫ ብናኝ የሚጥለውን ቅርንጫፋም ራማሪያ ይሉታል፤ በራማሪያም ውስጥ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ፤ ሲቆነጠጥ መጥቆሩንና ምሬቱን ይመለከታሉ አለኝ። እማሆይ በጥፍራቸው የለዩትን ማለት ነው። ስቄ ሞትሁ።

ነገሬ ግን ይህ አይደለም። ያን ዕለት ሊመሽ ሲል እማሆይ ሊሄዱ ተነሥተው፣ እኔ ወዳለሁበት ግድግዳ ሥር መጡና ቁጢጥ አሉ። አስካሪዎቹ ራቅ ብለዋል።

“ልጄ” አሉ በሹክሹክታ።

“አቤት እማሆይ።”

“ትናንት ያልሁህን ያልነገርሃቸው እንዲበሉት ብለህ ነው አይደል?”

አልገባኝም።

“ገና ‘እግዜር ይስጥልኝ’ ስትለው ነው የገባኝ። ያችን ታክል ጣሊያንኛ ሰምቼ አውቃለሁ። ‘ይህ ልጅ እንጀራቸውን እየበላ የሚጥላቸው፣ የእኛ ሰው ነው’ አልሁ። ለዚያ ነው ዛሬ አፌን የያዝሁት። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ቢሰቅሉኝም ግድ የለም፣ አንተን እንዳያጋልጡህ ብዬ።”

አዎ ማለት እችል ነበር። ቀላል ነበር፤ አንዲት ቃል። ሆዴ ባዶ ስለነበረ ነው መሰለኝ ውሸትም አልተገኘበት።

“አይደለም እማሆይ። ዝናብ ነበር። ርቦኝ ነበር። ነገርዎም ረዘመብኝ።”

አልተቆጡም፣ አልረገሙኝም። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

“እኔ ደግሞ ሰው መስለኸኝ” አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በጭቃው ላይ ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄጄ ሰው ቤት አረስሁ፤ ጫማዬንም እዚያው ጨረስሁት። ጣሊያን ወጣ። ትዳር ያዝሁ፣ ወለድሁ። ዛሬ ሰው ሲያወራኝ፣ ምንም ቢያረዝመው፣ የአጎቱን አገር ቢቆጥርልኝም እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ልጆቼ ‘አባባ ፈዘዘ’ ይሉኛል። እማሆይ ነጻነት ሳይመጣ አረፉ አሉ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ አልሄድሁም። ዶቶሬውን እየናቅሁ ነው የኖርሁት፣ ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ለእኔ የሚቀረኝን ንቀት ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ወሬው ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። ያ አስካሪ ይሁን ወጥ ቤቱ እንጃ፣ ‘መነኩሲቷን ለማዳን መርዝ የበላው አስተርጓሚ’ ተብዬ ተወራልኝ። በሠርግ ቤት ቦታ ይለቁልኛል። ብርሌ ያነሡልኛል። እስከ ዛሬ አንዱንም ብርሌ አልመለስሁም። ጀግና ለምትሉኝ ሁሉ ግን ይህን ጽፌላችኋለሁ፦ ከእናንተ በፊት ጀግና ያሉኝ አንዲት ሴት ነበሩ፤ በዚያ ቃላቸው ለመሰቀልም ተዘጋጅተው ነበር። እኔ ርቦኝ ነበር።